የአካል ቀራጭ ጂኖች ታሪክ፦ ተረቱና እውነታው

የእንስሳ አካል ከአንድ የዳበረ እንቁላል ተነሥቶ ራስና ጅራት፣ ጀርባና ሆድ፣ ዐይንና እግር እየለየ የሚያድገው፣ እያንዳንዱ ሕዋስ ከያዛቸው በሺህ የሚቆጠሩ ጂኖች መካከል የትኞቹ በየትኛው ቦታና ጊዜ እንደሚሠሩ፣ የትኞቹም ዝም እንደሚሉ ስለሚወሰን ነው። ይህን ውሳኔ በዋናነት የሚያስፈጽሙት ትራንስክሪፕሽን ፋክተር የሚባሉ ፕሮቲኖች ሲሆኑ፣ ሥራቸው በዲኤንኤ ላይ አንድ አጭር የፊደላት ቅደም ተከተል ፈልገው በመያዝ፣ በአቅራቢያው ወይም ራቅ ብሎ የሚገኝ ጂን እንዲነበብ መፍቀድ ወይም መከልከል በመሆኑ፣ በዚህ ጽሑፍ «ተቆጣጣሪ ፕሮቲኖች» ተብለው ይጠራሉ። በሰው ጂኖም ውስጥ ፕሮቲን የሚሠሩ ጂኖች 20,000 ያህል ሲሆኑ፣ ከእነርሱ 1,600 የሚሆኑት እንዲህ ያሉ ተቆጣጣሪዎችን ይሠራሉ፤ ዲኤንኤውን የሚጨብጡበት ክፍል እየተመሳሰለም ሆሚዮቦክስ፣ ቲ-ቦክስ፣ ሶክስና ፎክስ በሚሉና በመሳሰሉት የቤተሰብ ስሞች ይመደባሉ። «ቤተሰብ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ዘይቤ ብቻ አይደለም፤ የአንድ ቤተሰብ ጂኖች በእርግጥም ከአንድ ጥንታዊ ጂን እየተቀዱ የወረዱ ዘመዳሞች ናቸው።

እነዚህ ቤተሰቦች በረጅም ዘመናት ውስጥ እንዴት እንደ በዙ፣ እንደ ተለወጡና እንደ ጠፉ በትምህርት ቤትም በጋዜጣም የሚደጋገሙ ግምቶች አሉ። አንዳንዶቹ በጊዜያቸው የታላላቅ ሳይንቲስቶች እምነት እንጂ ያላዋቂ ወሬ ስላልነበሩ፣ ስሕተታቸው የተገለጠበት መንገድ ራሱ ሊታወቅ የሚገባው ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የተለያየ አካል ያላቸው እንስሳት በተለያዩ ጂኖች ይቀረጻሉ»

ዝንብ ስድስት እግር፣ ከውጭ የሚሸፍን ጠንካራ ቅርፊትና በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ዐይኖች የተገጣጠሙበት ዐይን ሲኖራት፣ ሰው ሁለት እግር፣ ከውስጥ የሚደግፍ አጥንትና እንደ ካሜራ አንድ ሌንስ ያለው ዐይን አለው፤ ስለዚህ የሁለቱን አካል የሚቀርጹት ጂኖች ፈጽሞ አይገናኙም ብሎ ማሰብ የሚጠበቅ ነበር። ከ20ኛው ምዕተ ዓመት ታዋቂ የዝግመተ ለውጥ ሊቃውንት አንዱ የነበሩት ኤርንስት ማየር በ1963 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በጣም ከሚቀራረቡ ዝርያዎች በስተቀር ከአንድ ምንጭ የወረዱ ጂኖችን መፈለግ ከንቱ ድካም እንደሚሆን ጽፈዋል።

ይህ ግምት የቆየው ሃያ ዓመት ያህል ብቻ ነው። በ1984 በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ በዋልተር ጌሪንግ ቤተ ሙከራ፣ በአሜሪካ ደግሞ በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች፣ የፍራፍሬ ዝንብን የአካል ክፍሎች ማንነት የሚወስኑ የተለያዩ ጂኖች 180 ፊደል ርዝመት ያለው ተመሳሳይ ቁራጭ እንደሚጋሩ በየፊናቸው አስታወቁ። ሆሚዮቦክስ የተባለው ይህ ቁራጭ 60 አሚኖ አሲዶች ያሉትን፣ ዲኤንኤ የሚጨብጠውን የፕሮቲን ክፍል የሚሠራ ሲሆን፣ ብዙም ሳይቆይ በእንቁራሪት፣ በአይጥና በሰው ውስጥም ተገኘ። ከዚህ ሰፊ ቤተሰብ ይበልጥ የታወቁት ሆክስ ጂኖች በዝንብ 8፣ በሰው 39 ሲሆኑ፣ በዝንብም በአይጥም በክሮሞሶሙ ላይ የተሰለፉበት ተራ በአካሉ ላይ ከራስ ወደ ጅራት ከሚሠሩበት ተራ ጋር ይገጥማል። ከእነዚህ አንዱ ቦታውን ሲስት የሚሆነው ነገር እንግዳ ነው፤ አንቴናፒዲያ የተባለው ጂን በማይገባው ስፍራ የሚሠራባት ዝንብ በራሷ ላይ በአንቴናዎቿ ፈንታ እግር ታበቅላለች።

ከዚህም የባሰ አስገራሚ የሆነው የዐይን ነገር ነው። ዐይኗ የጠፋ ወይም የጫጨ የፍራፍሬ ዝንብ ከ1915 ጀምሮ የምትታወቅ ሲሆን፣ በ1994 የጌሪንግ ቡድን የጎደላትን ጂን ሲያነብ፣ በአይጥና በሰው ፓክስ6 ተብሎ የሚጠራው ጂን ዘመድ ሆኖ አገኘው፤ የሰው ፓክስ6 ከሁለቱ ቅጂዎቹ አንዱ ሲበላሽ ልጁ በዐይኑ ብሌን ዙሪያ የሚገኘው ቀለማማ ክፍል ሳይኖረው ይወለዳል። በቀጣዩ ዓመት ተመራማሪዎቹ ይህን ጂን በዝንብ ክንፍና እግር ላይ እንዲሠራ ባደረጉት ጊዜ በዚያው ስፍራ ዐይን በቀለ፤ የአይጥን ፓክስ6 በተጠቀሙም ጊዜ እንዲሁ ሆነ። አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው ግን በአይጡ ጂን የበቀለው ዐይን የአይጥ ሳይሆን የዝንብ ዐይን መሆኑን ነው። ተቆጣጣሪው ፕሮቲን «እዚህ ላይ ዐይን ይሠራ» ይላል እንጂ ዐይኑ ምን ዓይነት እንደሚሆን የሚወስነው ትእዛዙን የሚቀበለው የዝንቡ ሕዋስና በሥሩ ያሉት ሌሎች ጂኖች ናቸው።

«እያንዳንዱ የአካል ክፍል የራሱ ጂን አለው»

ከላይ ያለውን የሰማ ሰው ፓክስ6ን «የዐይን ጂን» ብሎ ቢጠራው አይፈረድበትም፤ ጋዜጦችም ሲጠሩት ኖረዋል። ይሁንና ፓክስ6 በአንጎል፣ በአፍንጫና በቆሽት አፈጣጠርም ላይ ይሠራል፤ ሁለቱም ቅጂዎቹ የተበላሹበት የአይጥ ጽንስ የሚያጣው ዐይኑን ብቻ ሳይሆን አፍንጫውንም ነው። አሳሳቹ ነገር የጂን ስም አወጣጥ ነው፦ ሳይንቲስቶች ጂንን የሚሰይሙት በአብዛኛው ሲበላሽ መጀመሪያ በታየው ጉድለት ስለሆነ፣ ስሙ ጂኑ ምን እንደሚሠራ ሳይሆን ማን በየትኛው እንስሳ ላይ ቀድሞ እንዳየው ይነግራል። ቤቱ ሲጨልም ስለታወቀ ብቻ የመስመሩን ሽቦ «ጨለማ» ብሎ እንደ መሰየም ነው።

የፎክስ ቤተሰብ አባል የሆነው ፎክስፒ2 የዚህ ስያሜ ጣጣ ሰለባ ነው። በ2001 በንግግር ችግር ለትውልዶች በተቸገረ አንድ የብሪታንያ ቤተሰብ ውስጥ መበላሸቱ ከታወቀ በኋላ «የቋንቋ ጂን» ተባለ፤ በሚቀጥለው ዓመትም የሰው ፕሮቲን ከቺምፓንዚው በሁለት አሚኖ አሲዶች እንደሚለይ ሲታወቅ፣ የሰው ልጅ አፍ የተፈታው በእነዚህ ሁለት ለውጦች ነው የሚል ወሬ ተስፋፋ። በ2007 ግን ሁለቱም ለውጦች በኒያንደርታል አጥንት ዲኤንኤ ውስጥ ተገኙ፤ በ2018 ደግሞ አፍሪካውያንን በሚገባ ያካተተ የጂኖም ንጽጽር፣ ጂኑ በቅርብ ጊዜ በዘመናዊው ሰው ውስጥ በተፈጥሮ ምርጫ በፍጥነት ተስፋፍቷል የተባለው ምልክት የናሙናው አመራረጥ ያመጣው መሆኑን አሳየ። ፎክስፒ2 በአይጥም በዘማሪ ወፍም አንጎል ውስጥ ይሠራል፤ በሳንባና በአንጀትም እንዲሁ።

«እነዚህ ጂኖች ከእንስሳት ጋር አብረው ብቅ አሉ»

የዛሬ 540 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በጀመረው የካምብሪያን ዘመን ብዙ የእንስሳት ዓይነቶች በቅሪተ አካል መዝገብ ላይ በድንገት ስለሚታዩ፣ አካላቸውን የሚቀርጹ የጂን ቤተሰቦችም ያን ጊዜ የመጡ ይመስላል። እነዚህ ቤተሰቦች ግን ከዚያ እጅግ የቀደሙ ናቸው።

ምስክሩ ካፕሳስፖራ የተባለ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጡር ሲሆን፣ የተገኘውም በቀንድ አውጣ ደም ውስጥ ነው፤ ቀንድ አውጣዋ ባዮምፋላሪያ ከሚባለው ወገን ናት፣ የዚሁ ወገን ሌላ ዝርያ በኢትዮጵያ ሐይቆችና ወንዞች ዳር ቢልሃርዝያን ታዛምታለች። ካፕሳስፖራ አካል የሌለው፣ ራስና ጅራትም የማይለይ ነው፤ ሆኖም ጂኖሙ ሲነበብ የቲ-ቦክስ ቤተሰብ ቀደምት አባል የሆነው ብራኪዩሪ ተገኘበት። የዚህ ጂን ስም በግሪክኛ «አጭር ጅራት» ማለት ነው፤ ይህን ስም ያገኘው በ1927 በፓሪስ ናዴዥዳ ዶብሮቮልስካያ-ዛቫድስካያ የተባሉ ተመራማሪ ጅራታቸው ያጠረ አይጦችን ከገለጹ በኋላ ሲሆን፣ ጂኑ በእንስሳት ሽል ውስጥ የመካከለኛውን የሕዋስ ንጣፍ አፈጣጠር ይመራል። ጅራት አይቶ የማያውቀው የካፕሳስፖራ ብራኪዩሪ በእንቁራሪት ሽል ውስጥ ሲገባ የጎደለውን የእንቁራሪቱን ጂን ሥራ በከፊል ሊሸፍን ችሏል፤ ጥራት ጎድሎታል፣ ማብራት የማይገባውንም ያበራል፣ ግን ይሠራል። በ2024 ደግሞ በለንደንና በሆንግ ኮንግ የሚሠሩ ተመራማሪዎች፣ የእንስሳት የቅርብ ዘመድ ከሆኑት ባለ አንድ ሕዋስ ኮአኖፍላጀሌቶች የተወሰደ የሶክስ ጂን በአይጥ ሶክስ2 ቦታ ተክተው፣ ተራ የአይጥ ሕዋስን ወደ ማንኛውም የአካል ክፍል ሊያድግ ወደሚችል ግንደ ሕዋስ መለሱት፤ ይህ ሕዋስ በአይጥ ሽል ውስጥ ተቀላቅሎም በከፊል ከእርሱ የተሠራ አይጥ ተወለደ።

ስለዚህ እንስሳት አካል መሥራት ሲጀምሩ መሣሪያውን ከባዶ አልፈለሰፉም፤ አንዲት ሕዋስ ለራሷ ኑሮ ትጠቀምበት የነበረውን ወርሰው ለሌላ ሥራ አዋሉት። ሆክስ ጂኖች ራሳቸው ከዚህ በኋላ የመጡ ናቸው፤ በ2010 ጂኖሙ የታተመው የአውስትራሊያው ሰፍነግ የሆሚዮቦክስ ቤተሰብ ሌሎች አባላት ሲኖሩት ሆክስ የለውም።

«አካል ሲራቀቅ ጂን ይበዛል»

ፍጥረትን ከታች ወደ ላይ በደረጃ የመደርደር ልማድ ሥር የሰደደ በመሆኑ፣ ትል ጥቂት ጂን፣ ሰው ብዙ ጂን ይኖረዋል የሚለው ግምት ከሁሉም ይልቅ አልነቀል ያለ ተረት ነው። ለዚህ ግምት የሚያመች አንድ እውነት በርግጥ አለ፦ የጀርባ አጥንት ላላቸው እንስሳት ዘመድ የሆነችው፣ በባሕር አሸዋ ውስጥ የምትኖረው ትንሿ አምፊዮክሰስ 15 ሆክስ ጂኖችን በአንድ ረድፍ ስትይዝ፣ ሰው በ2ኛው፣ በ7ኛው፣ በ12ኛውና በ17ኛው ክሮሞሶሞቹ ላይ አራት ረድፎች አሉት። ሆኖም ዜብራፊሽ የምትባለው የቤተ ሙከራ ዓሣ፣ ቅድመ አያቶቿ ጂኖማቸውን በሙሉ ለተጨማሪ ጊዜ ስለደገሙት፣ ሰባት ረድፍ ይዛ ወደ 50 የሚጠጉ ሆክስ ጂኖች አሏት። በጂን ብዛት ማዕረግ የሚሰጥ ቢሆን ዓሣዋ ከሰው በላይ በተቀመጠች ነበር።

አንድ ሚሊ ሜትር ያህል የምትረዝመው ሲ ኤሌጋንስ የተባለችው ድቡልቡል ትል ደግሞ ፕሮቲን የሚሠሩ ጂኖቿ እንደ ሰው 20,000 ያህል ሲሆኑ፣ ሆርሞን መሰል ንጥረ ነገሮችን ተቀብሎ ጂን በሚያዝዘው የኒውክሌር ተቀባይ ቤተሰብ ሰው 48 አባላት ሲኖሩት እርሷ ከ270 በላይ አሏት። ይህችው ትል ግን ከሆክስ ጂኖች የቀራት ስድስት ብቻ ነው። በ2015 ጂኖሙ የተነበበው ኦክቶፐስ በዚንክ ጣት ቤተሰብ 1,800 ያህል ጂን ሲኖረው፣ ሆክስ ጂኖቹ ረድፋቸውን ትተው ተበታትነዋል።

ስለ መጥፋት ከተነሣ፣ ታርዲግሬድ የምትባለው በአጉሊ መነጽር የምትታይ ባለ ስምንት እግር ፍጡር ሁነኛ ምሳሌ ናት። በ2016 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ታርዲግሬድ የመካከለኛውን አካል የሚቀርጹትን ሆክስ ጂኖች አጥታ፣ ከእነርሱም ጋር የአካሏ መካከለኛ ክፍል ጠፍቶ፣ የቀረው አካሏ በሙሉ ለማለት ይቻላል ከነፍሳት ራስ ጋር ብቻ የሚመሳሰል ሆኗል። በዝግመተ ለውጥ ማጣትም እንደ ማግኘት ሁሉ አዲስ አካል ያወጣል።

«ጂን ሲደገም አዲስ ችሎታ ይወለዳል»

ጂኖች ከየት ይበዛሉ ለሚለው ጥያቄ ሰፊ ተቀባይነት ያገኘውን መልስ በ1970 በመጽሐፍ ያቀረቡት በአሜሪካ የሠሩት ሱሱሙ ኦኖ ናቸው። በእርሳቸው ሐሳብ፣ ሕዋስ ሲከፋፈል በስሕተት የተደገመ ጂን ከሁለት ቅጂዎቹ አንዱ የቀድሞውን ሥራ ሲጠብቅ ሌላው ነጻ ይሆናል። በብራና ዘመን አንድ መጽሐፍ በሁለት ቢገለበጥ፣ አንዱ ለቤተ መቅደስ አገልግሎት ሳይነካ ይቀመጣል፤ በሌላው ላይ ግን ተማሪው ይፍቃል፣ ይጨምራል፣ በኅዳጉ ይጽፋል፤ ተማሪው ቢያበላሸው አገልግሎቱ አይታጎልም። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ተረቱ ያለው «ሁልጊዜ» ማለቱ ላይ ነው። አብዛኞቹ ቅጂዎች ምንም ሳይሠሩ ፊደላቸው እየተበላሸ ይጠፋሉ። ከተረፉትም ብዙዎቹ አዲስ ሥራ አላገኙም፤ አያታቸው ብቻውን ይሠራ የነበረውን ተካፍለው ያዙ እንጂ።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሰጠው በዩታ ዩኒቨርሲቲ የማሪዮ ካፔኪ ቡድን ነው። ሆክስኤ3 የጎደለው አይጥ ታይመስ የሚባለው የደረት ዕጢ አይኖረውም፤ ሆክስዲ3 የጎደለው ደግሞ የአንገቱ አከርካሪዎች ይዛባሉ፤ ስለዚህ ሁለቱ ዘመዳሞች የተለያየ ችሎታ ያዳበሩ ይመስሉ ነበር። በ2000 በታተመው ሙከራ ግን የአንዱን ፕሮቲን ጽሑፍ በሌላው ቦታ ሲተኩት አይጦቹ ጤነኞች ሆኑ። ፕሮቲኖቹ አሁንም አንዱ ለሌላው ይተካሉ ማለት ነው፤ የተለያየው መቼና የት እንደሚመረቱ የሚወስነው በአጠገባቸው ያለ የዲኤንኤ ቁራጭ ነው።

አዲስ ችሎታ በእርግጥ የወጣበትን አጋጣሚ የሚፈልግ አንባቢ ደግሞ ባይኮይድን ይመልከት። ይህ ጂን በፍራፍሬ ዝንብ ውስጥ ራስ በየት በኩል እንደሚሠራ የሚወስን ሲሆን፣ እናቲቱ መልእክቱን በእንቁላሉ የፊት ጫፍ ታኖራለች፤ ፕሮቲኑም ከፊት ወደ ኋላ እየሳሳ ይሰራጫል፤ ይህ እየሳሳ የሚሄድ ስርጭት በ1988 በክርስቲያነ ንዩስላይን-ፎልሃርድ ቤተ ሙከራ ታይቷል። ባይኮይድ የሌላት እናት የጣለችው እንቁላል ራስም ደረትም የሌለው ሽል ያወጣል። እንዲህ ያለ መሪ ጂን በነፍሳት ሁሉ ይኖራል ተብሎ ሲታሰብ፣ በጥንዚዛ፣ በንብ፣ ወባ በምታስተላልፈው ትንኝም ሳይገኝ ቀረ። ያለው በአንድ የዝንቦች ወገን ብቻ ነው። ምንጩም ሆክስ3 የተባለው ጂን ሲሆን፣ በዚህ ወገን ውስጥ ተደግሞ አንዱ ቅጂ በሽሉ ዙሪያ ያሉትን ሽፋኖች ሥራ ሲይዝ፣ ሌላው ባይኮይድ ሆነ። በ2018 የታተመ ጥናት ጥንታዊውን ፕሮቲን ከዘሮቹ ንጽጽር መልሶ ሠርቶ፣ ዲኤንኤ በሚጨብጠው ክፍል ውስጥ ሁለት አሚኖ አሲዶች ብቻ ሲለወጡ የባይኮይድን ሥራ በከፊል እንደሚሠራ አሳይቷል። ራስን የመሰለ ጥንታዊ ነገር የሚያዝዘው ከዘመዶቹ ሁሉ ዘግይቶ የመጣው መሆኑ፣ ቀድሞ የወጣን ጆሮ በኋላ የወጣ ቀንድ በለጠው የሚያሰኝ ነው።

«ለውጥ በማብሪያው ላይ እንጂ በፕሮቲኑ ላይ አይደርስም»

ይህኛው ተረት ከሌሎቹ ወጣት ሲሆን፣ የተወለደውም ከቀደሙት ተረቶች መፍረስ ነው። ተቆጣጣሪ ፕሮቲኖች በእንስሳት ሁሉ እንዲህ ከተመሳሰሉ፣ የአካል ልዩነት የሚመጣው ጂኑን ከሚያበሩትና ከሚያጠፉት የዲኤንኤ ቁራጮች ለውጥ ብቻ መሆን አለበት ተባለ። ከፍተኛ ድጋፍም አለው። ስቲክልባክ የተባለው የባሕር ዓሣ በሆዱ ሥር ሁለት እሾሆች ሲኖሩት፣ የዛሬ 10,000 ዓመት ገደማ የበረዶው ዘመን ሲያበቃ በተፈጠሩ ሐይቆች ውስጥ የቀሩት ብዙዎቹ ዘሮቹ እሾሁን አጥተዋል። ፒትክስ1 የተባለው ተቆጣጣሪ ጂን ራሱ አልተነካም፤ የጠፋው በዳሌ አካባቢ ብቻ የሚያበራው ማብሪያ ነው፤ ስለዚህ ዓሣው በመንጋጋውና በሌላው አካሉ ፒትክስ1ን እየተጠቀመ እሾሁን ብቻ ያጣል። በ2010 ተመራማሪዎች ማብሪያውን ከጂኑ ጋር እሾህ ወዳጣው ዓሣ ሲመልሱት እሾሁ እንደገና በቀለ።

«ብቻ» የሚለውን ቃል ያፈረሰው የነፍሳት እግር ነው። በ1995 ከንዩስላይን-ፎልሃርድና ከኤሪክ ቪሻውስ ጋር የኖቤል ሽልማት የተጋሩት ኤድዋርድ ሉዊስ፣ በ1978 ባወጡት ዝነኛ ጽሑፍ፣ የዝንብ ቅድመ አያቶች እንደ አርባ እግር ብዙ እግር እንደ ነበራቸው፣ ነፍሳት በስድስት የተወሰኑትም በሆዳቸው ላይ እግር የሚከለክሉ አዳዲስ ጂኖች ስለ ተጨመሩላቸው እንደሆነ ገምተው ነበር። የግምቱ ግማሽ ወደቀ፦ ከከልካዮቹ ዋነኛው አልትራባይቶራክስ የተባለው ሆክስ ጂን፣ በመላ አካላቸው ላይ እግር ባላቸው ኦኒኮፎራ በተባሉ ለስላሳ ፍጥረታትና በጨዋማ ሐይቆች በሚኖሩ ሽሪምፖች ውስጥም ቀድሞውኑ ነበረ። ግማሹ ግን ቆመ። በ2002 ሁለት የአሜሪካ ቡድኖች የእነዚህን እንስሳት አልትራባይቶራክስ በዝንብ ሽል ውስጥ ሲያሠሩት እግርን እንደሚገባ ሊከለክል አልቻለም፤ የነፍሳቱ ግን ከለከለ፤ ልዩነቱም በፕሮቲኑ ጭራ ላይ ነበር። ጂኑ አዲስ አልነበረም፤ እግር መከልከልን የተማረው በነፍሳት ዘር ውስጥ፣ በራሱ በፕሮቲኑ ላይ በደረሰ ለውጥ ነው። ሉዊስ ያረፉት ይህ ከታተመ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2004 ነው።